እጅ መንሻ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ ከአክስቴ ጋር አንድ ቢሮ ደጅ ላይ ተቀምጠናል። የቤቷን ካርታ ፍለጋ ስንመላለስ ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። አንድ ሰው መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይቺ ፋይል እኮ እጅ መንሻ ትፈልጋለች» አላት።

ቃሉ የመጣው እጅ ከመንሣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ማቅረብ ማለት ነው። እጅ ሊነሣ የሚሄድ ሰው ይዞት የሚቀርበው ስጦታ እጅ መንሻ ተባለ። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት በኋላም ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ነበር። ያኔ ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው በተሰጠው ጉልት፣ ማለትም ግብሩን እንዲሰበስብበት በተሰጠው መሬት ነው፤ ጉልት «በላ» ይባልለታል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የዚያ ሥርዓት ልጅ ነው። የዛሬው ሹም ግን ደመወዙ ከእኛው ግብር ይከፈለዋል። ይህን ተረት ዛሬም እየጠቀስን ስንሳሳቅ ያሳዝነኛል።

ደግሞም የድሮው ስጦታ የሚቀርበው ሰው እያየ ነበር። የዛሬው በር ተዘግቶ ነው፤ በዘመድ አካውንት ይገባል። ብዙ ጊዜ ገንዘብም አይደለም። የጨረታውን ዋጋ ለአንዱ ተጫራች ቀድሞ ሹክ ማለት አለ። «ያንተን ልጅ እቀጥራለሁ፣ የኔን ቅጠርልኝ» አለ። መሬት ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721/2004፣ የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ፣ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ምደባ ሕጋዊ ነው። ግን የሚወስኑት ጥቂት ሰዎች ስለሆኑ ለጓዳ ድርድር ይመቻል። ደረሰኝ የለው፣ ምስክር የለው፣ በምን ይያዛል?

ሕጉ ስሙን አይቶ አያልፍም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሰጪውንም ተቀባዩንም ይጠይቃል። ብዙዎቻችን የምንስተው ይሄን ነው፦ ሠራተኛው መሥራት ያለበትን ሥራ ለመሥራት እንኳ ጥቅም ከተቀበለ ወንጀል ነው። «የሚገባኝን ነው ያስጨረስኩት» ማለት አያድንም። «የሻይ» ብሎ መስጠትም ያው ነው።

አክስቴ ሰውየውን ቀና ብላ አየችው። «እኔ እጅ የምነሣው ለታቦት ነው ልጄ» አለችው።

ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ወንበር ሄደ።