ትርጉም የለሽ የሚባሉ የልጆች ተረቶች፤ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ልጁን ያደናግረዋል፣ ውሸት ያስተምረዋል»

ይሄን ብዙ ወላጅ ነው የሚለው። እስኪ ለአራት ዓመት ልጅ «ዝሆኑ ሲኒ ውስጥ ገብቶ ሲዋኝ ዋለ» የሚል ተረት ጮክ ብላችሁ አንብቡላት፣ በሳቅ ፍርፍር ነው የምትለው። ለምን? ዝሆን ምን እንደሚያክል ሲኒም ምን እንደምታክል ስለምታውቅ ነዋ! ያላወቀ ልጅ አይስቅም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያያችሁ። «ኧረ አይገባም!» ብላ ካረመቻችሁማ በጣም ገብቷታል ማለት ነው። ራሺያዊው የልጆች ገጣሚ ኮርኔይ ቹኮቭስኪ በዚሁ ጉዳይ ብዙ ተወቅሷል፣ በ1928 (እ.ኤ.አ.) የሌኒን ባለቤት የነበረችው ክሩፕስካያ ስለ አዞ የጻፈውን የግጥም ተረት ፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ ክፉኛ ተችታበት ነበር፣ እሱ ግን «ከሁለት እስከ አምስት» በሚለው መጽሐፉ ልጅ የተገለባበጠ ነገር የሚወደው ትክክለኛውን ስለያዘ ነው ብሎ አስረድቷል፣ እኔም በዚህ መቶ በመቶ እስማማለሁ።

«ምክር የሌለው ተረት ዋጋ የለውም»

ከአባባ ተስፋዬ ጋ ስላደግን ተረት ሲባል ምክር ነው የሚመጣብን፣ ያም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ሁሌ መጨረሻ ላይ «ምን ተማርክ?» ከተባለ ልጁ ፈተና የተቀመጠ ይመስለዋል። አንዳንዴ ሳቁ ይበቃል።

«የፈረንጅ ነገር ነው»

በፍጹም! «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» ብለን አይደል የምንመልሰው? በረቱን ከተረቱ ጋ ምን አገናኘው? ቤት ስለመታ ብቻ! «እቴ ሜቴ የሎሚ ሽታ»ም እንደዛው፣ እያጨበጨብን ስንጫወት ትርጉሙን የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

«ማንበብ ከቻለ ራሱ ያንብብ»

ያንብብ፣ ግን እናንተም አታቁሙ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው ልጁ የሚለየው ከሰው አፍ ሰምቶ ነው። ዋሽንግተን ወይ ቴል አቪቭ ላሉ፣ አማርኛን ቤት ውስጥ ብቻ ለሚሰሙ ልጆች ደግሞ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ እንዲህ ያለ የሚያስቅ ተረት ሲሆን ደግሞ ራሳቸው ናቸው አንብቡልን የሚሉት።

«አንዱን ተረት ደጋግሞ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው»

አይደለም፣ በቃሉ እየያዘው ነው። አንድ መስመር ዝለሉ፣ ወዲያው ይነቃባችኋል። ከደከማችሁ አረፍተ ነገሩን ግማሹ ላይ አቁሙለት፣ ቀሪውን ራሱ ይጨርሰዋል።