ስለ ቺካጎ ፖላንዳውያን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

(ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«መጀመሪያ ቄስ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን ተከለ፤ ሰው በኋላ ተሰበሰበ።»
የተገላቢጦሽ ነው። ስደተኞቹ በ1864 በቅዱስ ስታኒስዋቭ ኮስትካ ስም እንደ እኛ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር አቋቋሙ። በ1867 የከተማዋ የመጀመሪያ የፖላንዳውያን ደብር የተመሠረተው ከዚያ ማኅበር ተነስቶ ነው።

«ከፖላንድ ከመጡ መዝገቡም ፖላንድ ይላል።»
ከ1795 እስከ 1918 ፖላንድን ፕሩሲያ (በኋላ የጀርመን አካል የሆነችው)፣ ኦስትሪያና ሩሲያ ተቀራምተዋት ነበር። የቅድመ አያቱን አገር የሚያፈላልግ ሰው «ፖላንድ» ብሎ ብቻ ከፈለገ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። በ1910 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ የአፍ መፍቻ ቋንቋም ተመዝግቧል፤ «ጀርመን፣ ፖላንድኛ» ከሚል መስመር የፕሩሲያው ክፍል መሆኑ ይታወቃል። መንደሩን ለማግኘት ከመስከረም 1906 መጨረሻ ወዲህ የቀረበ የዜግነት ማመልከቻ ይሻላል፤ የትውልድ ቦታ ይጠይቅ ነበርና። ከመንደሩ ስም በፊት የአገር ቤት መዝገብ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

«ስማቸውን የለወጠው የኤሊስ ደሴት ጸሐፊ ነው።»
በየቤቱ የሚወራ ነገር ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ኤሊስ ደሴት በኒው ዮርክ ወደብ የነበረ የስደተኞች መቀበያ ነው፤ ሠራተኞቹ የሚያመሳክሩት መርከቡ ይዞት በመጣው ዝርዝር ነበር፤ ዝርዝሩ የተጻፈው እንደ ብሬመንና ሃምቡርግ ባሉ መነሻ ወደቦች ነው። ስም የተለወጠው ኋላ፣ በፋብሪካና በትምህርት ቤት፣ ብዙ ጊዜም በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ስታኒስዋቭ ስታንሊ፣ ቭዋዲስዋቭ ዋልተር ሆነ። ቮይቼህ ግን ያሳስታል፦ በደብሩ የላቲን መዝገብ አዳልበርቱስ፣ በከተማው ወረቀት አልበርት ወይም ጆርጅ ይባላል። ሦስት ሰው የመሰለው አንድ ሊሆን ይችላል።

«የፑላስኪ ቀን የፖላንድ በዓል ነው።»
ፑላስኪ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተዋጋ ፖላንዳዊ ጄኔራል ነው፤ ቀኑ ግን በመጋቢት የመጀመሪያው ሰኞ የሚውል፣ ቺካጎ የምትገኝበት የኢሊኖይ ግዛት ክብረ በዓል ነው። ከፖላንድ የመጣው ግንቦት 3 ነው፤ የ1791ዱ ሕገ መንግሥት መታሰቢያ።

«ፖንችኪ ያው ዶናት ነው።»
ፖንችኪ የቅበላ ምግብ ነው፤ ከጾም በፊት ቤት ውስጥ ያለው ስብ፣ እንቁላልና ስኳር የሚያልቅበት። በፖላንድ የሚበላው ጾሙ ከሚገባበት ረቡዕ በፊት ባለው ሐሙስ ነው፤ የቺካጎ ዳቦ ቤቶች ማክሰኞም ይሸጡታል። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት አምስት ያህል አስኳል፣ ቅቤ፣ ወተትና እርሾ ይገባል፤ አንድ ሾርባ ማንኪያ ጠንካራ አረቄም ይጨመራል፣ ሊጡ ዘይት እንዳይጠጣ። ውስጡ የፕለም ወይም የጽጌረዳ ማርማላታ ነው። ዘይቱ 175 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ሲቀዘቅዝ ሊጡ ዘይት ይመጥጣል፣ ሲበዛ ላዩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በደንብ ኩፍ ያለ ሊጥ ግማሹ ከዘይት በላይ ስለሚንሳፈፍ ወገቡ ላይ ነጣ ያለ ቀበቶ ይቀርለታል። ቀበቶ ከሌለው ሊጡ ሳይነሳ ተጠብሷል።