ናፖሊዮን በበቅሎ ነበር፦ ሥዕሎቹ ያሳሳቱን ነገር

ናፖሊዮን ቦናፓርትን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሥዕል ነው። ሥዕሎቹ ደግሞ ወይ እሱንና አገዛዙን ለማወደስ የተሠሩ፣ ወይ ጠላቶቹ ሊያላግጡበት የሣሏቸው ናቸው። ብዙ ሰው ታሪክ ብሎ የያዘው ነገር የሠዓሊ ፈጠራ ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«አልፕስን በሚጋልብ ፈረስ አቋረጠ»

ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ ካባው በነፋስ እየተውለበለበ የሚታይበትን የዣክ ሉዊ ዳቪድን ሥዕል ያላየ ጥቂት ነው። በግንቦት 1800 ግን ናፖሊዮን በአልፕስ ተራሮች ላይ ያለውን የታላቁን ቅዱስ በርናርድ በር ያለፈው በበቅሎ ነው፤ ያውም የአገሩ ሰው መንገድ እየመራው። ገደልና ዳገት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይገረምም፤ በረዶ በያዘው ቀጭን መንገድ ላይ ፈረስ እንዲያ ቢያስቆሙ የሚከተለው ቀብር ነው።

ሥዕሉን ያዘዘው የስፔን ንጉሥ ካርሎስ 4ኛ ነበር። ናፖሊዮን ለሠዓሊው አልቀመጥም ስላለ ዳቪድ የገዛ ልጁን በእሱ ቦታ አስቀምጦ ሣለ። ከታች ከድንጋዩ ላይ የናፖሊዮን ስም ከእሱ በፊት አልፕስን ካቋረጡት ከጦር መሪው ከሃኒባልና ከንጉሠ ነገሥቱ ከሻርለማኝ ስም ጋር ተጽፏል፤ የሥዕሉ ዓላማም እዚያው ላይ ነው። አንድ ሥዕል ብቻም አይደለም፤ አምስት ቅጂ አለው፣ በአንዱ ቢጫ የሆነው ካባ በሌላው ቀይ ነው። በቅሎዋን የመለሰለት ፖል ደላሮሽ የተባለ ሌላ ሠዓሊ ነው፣ ያውም ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ።

«ዘውዱን ከጳጳሱ እጅ ነጥቆ ራሱ ላይ ደፋ»

ታኅሣሥ 2 ቀን 1804 በፓሪስ ኖትር ዳም ዘውዱን በገዛ እጁ መድፋቱ እውነት ነው። ንጥቂያ ግን አልነበረም፤ ሥርዓቱ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛ ጋር አስቀድሞ የተስማሙበት ነው። ወደ 10 ሜትር የሚጠጋው የዳቪድ ግዙፍ ሥዕልም ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው ናፖሊዮን ለሚስቱ ለጆሴፊን ዘውድ ሊደፋ ሲያነሳ ነው። ሠዓሊው ጳጳሱን መጀመሪያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነበር የሣላቸው፤ ኋላ ሲባርኩ እንዲታዩ ተደረገ። ከመሐል በክብር የተቀመጠችው እናቱ ሌቲዚያ ደግሞ በዕለቱ ከነጭራሹ አልነበረችም። ልጅ እናቱን በሥዕል ጠርቶ አስገኛት ማለት ነው።

«የስፊንክስን አፍንጫ በመድፍ የመታው እሱ ነው»

ዴንማርካዊው ፍሬደሪክ ኖርደን በ1737 የሣለው ስፊንክስ (የግብፁ ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት) አፍንጫ የለውም። ናፖሊዮን የተወለደው በ1769 ነው።

«ድንክ ነበር»

ቁመቱ በፈረንሳይ መለኪያ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ነበር። የያኔው የፈረንሳይ ኢንች ከእንግሊዙ ስለሚረዝም ይህ ወደ 1.68 ሜትር ይጠጋል፤ ለዘመኑ ሰው መካከለኛ ቁመት ነው። ድንክ ያደረገው ጄምስ ጊልሬይን የመሰሉ የለንደን ካርቱን ሠዓሊዎች ብዕር ነው። እጁን በልብሱ ደረት ውስጥ የሚከተው ሆዱን እያመመው ነው የሚባለውም እንዲሁ፤ እሱ ሳይወለድ ጀምሮ የተከበሩ ሰዎች ሲሣሉ የሚቆሙት እንደዚያ ነበር።

«ሞናሊዛን የዘረፈው ናፖሊዮን ነው»

አይደለም። ሥዕሏ ወደ ፈረንሳይ የመጣችው በንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ዘመን፣ ከራሱ ከሊዮናርዶ ጋር ነው። ናፖሊዮን ያደረገው ለጥቂት ዓመታት መኝታ ቤቱ መስቀል ብቻ ነው።

ይህ ግን ከዘረፋ ነጻ አያወጣውም፤ «የዘረፈው ሁሉ በ1815 ከሥልጣን ሲወርድ ተመለሰ» የሚለውም ሌላ ስሕተት ነው። ከቬኒስ የተወሰዱት አራቱ የቅዱስ ማርቆስ የነሐስ ፈረሶች ተመልሰዋል (ቬኒስም በ1204 ከቁስጥንጥንያ ነበር የዘረፈቻቸው)። በ1797 ከአንድ የቬኒስ ገዳም የተወሰደው የሠዓሊው የቬሮኔዜ ሥዕል «የቃና ሠርግ» ግን አልተመለሰም፤ በምትኩ የፈረንሳዊ ሠዓሊ ሥራ ተላከ። «የቃና ሠርግ» ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ከሞናሊዛ ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ጎብኚው ያልተዘረፈችውን ፎቶ ለማንሳት ሲጋፋ ለተዘረፈው ጀርባውን ይሰጣል። ሥዕሉ የተወሰደበት፣ የገዳሙ መነኮሳት ይመገቡበት የነበረው አዳራሽ ግድግዳም ከ2007 ጀምሮ ቅጂውን ይዟል።