«በለስ ቀናው» ሲባል ፍሬው ምን አገባው?

በክረምት ደሴ ላይ በለስ የሚሸጥ ልጅ ደንበኛውን «ጋሼ፣ ዛሬ በለስ ቀናዎት ወይስ ወጋዎት?» ቢለው፣ ቀልዱ የሚገባው ፈሊጡን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ «በለስ ቀናው» ማለት ዕድል ሰመረለት፣ ያሰበው ተሳካለት ማለት ነውና። ብዙዎችን የሚያደናግረው «ቀና» የሚለው ግስ ነው። «ቀናበት» ሲባል ተመቀኘው፣ «ቀናው» ሲባል ግን ነገሩ ተቃናለት ማለት ስለሆነ፣ ትርጉሙን የሚለየው መጨረሻው ላይ የሚቀጠለው ትንሽ ምዕላድ ነው፤ ይህን ልዩነት ልጆቻችን በጥንቃቄ ቢማሩት እወዳለሁ። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤትም በለስ እንጂ ሰውየው ባለመሆኑ፣ ለብዙ ሰዎች «በለስ ቀናቸው» እንላለን እንጂ «በለስ ቀኑ» አንልም።

ሌላው ግርታ ከፍሬው ማንነት ይመጣል። በኦሪት ዘፍጥረት 3፥7 አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙት በለስ የሾላ ዘመድ ሲሆን፣ በገበያ የምናገኘው እሾሃሙ የቁልቋል በለስ ግን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ በመሆኑ፣ ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1492 በፊት በእኛ አገር ሊታወቅ አይችልም ነበር። «ወጋዎት» የሚለው ጨዋታ የሚሠራውም በዚህ በሁለተኛው ፍሬ ብቻ ነው።