ፕሮቲኑ ቺፑ ላይ አልያዝ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባዮሴንሰር፣ ማለትም ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲጣበቁና ሲላቀቁ የሚለካ መሣሪያ፣ የሚጠቀም ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ቺፑ ወርቅ ነው፣ ላዩ ላይ ዴክስትራን ከሚባል ከስኳር የተሠራ ረጅም ሞለኪውል የሆነ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑን ኢዲሲና ኤንኤችኤስ በሚባሉ ኬሚካሎች ያነቃል፣ ፕሮቲኑ እንዲተከል በላዩ ይለቃል፣ የተያዘውን መጠን የሚያሳየው ግራፍ ግን ፍንክች አይልም። ያኔ ላብ ውስጥ የሚባሉ ነገሮች አሉ። ብዙዎቹ ልክ አይደሉም፤ በዚያ ላይ ውድ ፕሮቲን ያስጨርሳሉ።

«ቺፑ ተበላሽቷል»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ፕሮቲኑ በተቀመጠበት ቲዩብ ውስጥ ነው። የነቃው ሽፋን የሚፈልገው አሚን የሚባለውን ናይትሮጅን ያለው የሞለኪውል ክፍል ነው፤ የማን አሚን እንደሆነ አይመርጥም። በፈሩ (ፕሮቲኑ ያለበት፣ ፒኤቹን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ትሪስ ከሆነ፣ ትሪስ ራሱ አሚን ስላለው ቦታውን ይሻማል። ግላይሲንም እንደዚያው። ሶዲየም አዛይድም የነቃውን ሽፋን ያከሽፋል።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን ቢኤስኤ የተባለው የከብት ደም ፕሮቲን ነው። በተገዛ አንቲቦዲ ውስጥ ለማቆያ ተብሎ ሊጨመር ይችላል። ግራፉ ሽቅብ ይወጣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፤ የተተከለው ግን በአብዛኛው ቢኤስኤ ነው። ስለዚህ ቺፑን ከመጣላችሁ በፊት ከፕሮቲኑ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቡ፣ በፈሩንም ቀይሩ።

«ፕሮቲን የሚስማማው ፒኤች 7.4 ነው፣ በፒቢኤስ ይለቀቅ»

ፒቢኤስ፣ ጨው ያለው የፎስፌት በፈር፣ ለብዙ ፕሮቲኖች ማስቀመጫ ይሆናል። ለመትከል ግን አይሆንም። በዴክስትራኑ ላይ ያሉት ካርቦክሲል የተባሉ የአሲድ ቡድኖች ከፒኤች 3.5 በላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛሉ። ፕሮቲኑ እንዲሳብ ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ይህ የሚሆነው ፒኤቹ ከፕሮቲኑ አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ (ጠቅላላ ቻርጁ ዜሮ ከሚሆንበት ፒኤች) ሲያንስ ነው። የፒቢኤስ ጨው ደግሞ ስበቱን ያዳክመዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። 10 ሚሊሞላር ሶዲየም አሲቴት በፒኤች 4.0፣ 4.5፣ 5.0 እና 5.5 አዘጋጁ። ፕሮቲኑን በእያንዳንዱ አቅጥናችሁ፣ ገና ኢዲሲ ባልነካው ቺፕ ላይ በየተራ ልቀቁ። የተስማማው ላይ ግራፉ ቀጥ ብሎ ይወጣል። መደበኛው በፈር ሲመለስ ደግሞ ወደ ቦታው ይወርዳል፤ ይዞት የነበረው ቻርጅ ብቻ ነዋ። በደንብ ከሳቡት መካከል ከፍተኛውን ፒኤች ምረጡ፤ አሲድ ሲበዛ ፕሮቲንም ይጎዳል፣ አሚኖቹም ይሰንፋሉ። ይህን ሙከራ ጊዜ የለኝም ብሎ መዝለል በኋላ ቀናት ያስከፍላል።

«ብዙ በተተከለ ቁጥር ይሻላል»

የመጣበቅና የመላቀቅ ፍጥነት ለሚለካ ሰው ተቃራኒው ነው። 150,000 ዳልተን የሆነ አንቲቦዲ ተክላችሁ 30,000 ዳልተን ፕሮቲን ታሳልፋላችሁ እንበል። አንቲቦዲው ሁለት መያዣ አለው። 250 አርዩ (የመሣሪያው የሲግናል መለኪያ) ብትተክሉ፣ የክብደታቸው ንፅፅር 30,000 ÷ 150,000 = 0.2 ስለሆነ ከፍተኛው ሲግናል 250 × 0.2 × 2፣ ማለትም 100 አርዩ ይሆናል። ይበቃል። 10,000 አርዩ ከተከላችሁ ግን የሚያልፈው ፕሮቲን ቶሎ አይዳረስም፤ የተላቀቀውም መልሶ ይያዛል። ያኔ የምታነቡት ፍጥነት የፕሮቲኑ አይደለም።

«ከተተከለ ይሠራል»

የፕሮቲን አሚን በአብዛኛው የሚገኘው ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ነው፣ ላይሲን ደግሞ በየቦታው አለ። አንዱ መያዣው ቦታ ላይ ካለ፣ ፕሮቲኑ አፉ ተዘግቶ ይተከላል። የተሰላው 100 አርዩ ሆኖ ያገኛችሁት 15 ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። ፕሮቲኑን ባዮቲን የተባለ ትንሽ ሞለኪውል አስይዞ፣ ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን (ስትሬፕታቪዲን) ባለበት ቺፕ መያዝ፣ ወይም ከጥንዱ ሌላኛውን ፕሮቲን መትከል ይቻላል።

«ኢዲሲ ፍሪዘር ውስጥ ካለ ደህና ነው»

ጠላቱ እርጥበት ነው። ጠርሙሱ ሳይሞቅ ከተከፈተ ውሃ ይስባል። ከተሟሟ በኋላ በትንንሹ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙት፣ ከኤንኤችኤስ ጋር የምትቀላቅሉት ደግሞ ልትለቁት ስትሉ ብቻ ይሁን።