የዳልክሮዝ ዘዴ፦ ሙዚቃን በሰውነት እንቅስቃሴ ማስተማር

ስዊዘርላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሚል ዣክ-ዳልክሮዝ (1865–1950 እ.ኤ.አ.) ከ1892 ጀምሮ በጄኔቭ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ሃርመኒ፣ ማለትም ድምፆችን አጣምሮ የማቀናጀት ትምህርት፣ ያስተምር ነበር። ተማሪዎቹ ኖታውን በወረቀት ላይ አሳምረው ቢጽፉም ድምፁን በጆሯቸው አይሰሙትም፤ ሲጫወቱም ምት ይዛባባቸዋል። ስለዚህ ምቱን አስቀድሞ በእግርና በእጅ ማስያዝ ጀመረ። በ1911 በጀርመን ድሬስደን ከተማ አጠገብ ሄለራው ውስጥ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሕንፃ ተከፈተ። ሥራው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቢስተጓጎልም በ1915 ጄኔቭ ላይ በስሙ የሚጠራው ተቋም ተመሠረተ።

ዘዴው ሦስት ክፍል አለው፦ የምት እንቅስቃሴ፣ ሶልፌዥ (ኖታን በድምፅ ማዜም) እና እዚያው እየፈጠሩ መጫወት። ይበልጥ የሚታወቀው የመጀመሪያው ነው።

ትምህርቱ ሰፊና የማያዳልጥ ወለል ይፈልጋል። መምህሩ ፒያኖ እየተጫወተ ተማሪዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፦ በሩብ ኖታ (አንድ ምት) ይራመዳሉ፣ በስምንተኛ ኖታ (ግማሽ ምት) ይሮጣሉ፤ በግማሽ ኖታ (ሁለት ምት) አንድ ጊዜ ረግጠው ሁለተኛውን ምት ጉልበት በማጠፍ ያሳልፉታል። ቀጥሎ እጅ የሙዚቃውን መለኪያ፣ ማለትም የምቶቹን አቆጣጠር፣ ይይዛል። በሦስት ምት ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ ይሄዳል፤ እግር ደግሞ የዜማውን ምት ይከተላል። መምህሩ «ሆፕ!» ሲል እጅ ሳይለወጥ እግር በእጥፍ ይፈጥናል። ከዚህ የሚከብደው ካነን ነው፦ ተማሪው አንዱን ባር (በኖታ ላይ የተወሰኑ ምቶች የሚይዘውን ክፍል) እየረገጠ የሚቀጥለውን ይሰማል፤ የሰማውንም ከአንድ ባር በኋላ ይረግጠዋል። መጀመሪያ በየባሩ መሐል ፀጥታ እየተጨመረ ቢለመድ ይሻላል።

ብዙዎች ፈጣኑ የሚከብድ ይመስላቸዋል፤ የሚከብደው ግን ዝግ ያለው ነው። ግማሽ ኖታ ላይ ተማሪው ረግጦ ድርቅ ይላል፣ ከዚያ ቀጣዩን እርምጃ ይቸኩላል። ምክንያቱ የገላውን ክብደት በአንድ ጊዜ ጥሎ መጨረሱ ነው፤ ሁለተኛውን ምት የሚሞላ እንቅስቃሴ አልቀረለትም። እርምጃውን አስረዝሞ ክብደቱን ቀስ በቀስ ወደ ፊት እግር ሲያሻግር ይስተካከላል። ጊዜ፣ ቦታና ጉልበት አብረው የሚለወጡ መሆናቸውን ገላው የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ በቃል ብዛት አይገባም።

ሕፃናት ላይ መምህሩ የራሱን ፍጥነት ይዞ መጀመር የለበትም። እግራቸው አጭር ስለሆነ የተፈጥሮ እርምጃቸው ከአዋቂ ይፈጥናል። አረማመዳቸውን አይቶ ፒያኖውን ለእነሱ ማስማማት፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ መቀየር ይገባዋል። የተቀዳ ሙዚቃ ለዚህ አይሆንም፤ ልጁን አይቶ አይዘገይለትም። ፒያኖ ለማይችል መምህር ከበሮ ይበቃል። ረዥሙን ኖታ ግን ከበሮ ስለማያቆየው በድምፁ እያንጎራጎረ ይሙላው።

ሌላው ችግር መኮራረጅ ነው፤ ልጆች በጆሮ ፈንታ ጓደኛቸውን እያዩ ይራመዳሉ። በተለያየ አቅጣጫ ቢበተኑ፣ ወይም ባሉበት ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ምቱን በእጅ ብቻ ቢያሳዩ ማን እንደሰማ ወዲያው ይለያል። እንቅስቃሴው ማማሩ አይመዘንም፤ ጭፈራ እያስመሰሉ ማሳመር ጆሮን ያዘናጋል። የተረገጠውን ምት ግን ሳይውል ሳያድር፣ እግሩ ገና ሳይረሳው፣ በኖታ ማስጻፍና በመሣሪያ ማስጫወት ያስፈልጋል።