«ራሴን አላጠፋም» ብሎ ማስፈረም የደኅንነት ዕቅድ አይደለም

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለው ተገልጋይ ጋር የሚዘጋጁ ሁለት ወረቀቶች፣ ውልና የደኅንነት ዕቅድ፣ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ውሉ ተገልጋዩ «ራሴን አላጠፋም» ብሎ የሚፈርምበት ነው፤ ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለውም። ይባስ ብሎ ሐሳቡ ሲመለስ ቃሉን ያፈረሰ ስለሚመስለው ከባለሙያው ሊደብቅ ይችላል።

የደኅንነት ዕቅድ ቃል አያስገባም፤ ጭንቅ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ያሳያል። የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን አሜሪካ ውስጥ ያዘጋጁት 6 ደረጃ አለው፦ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች፣ ብቻን የሚደረግ ማረጋጊያ፣ ሐሳብ የሚያስቀይሩ ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ የሚጠየቅ ዘመድ ወይም ጓደኛ፣ ባለሙያና የአደጋ ጊዜ ስልክ (እዚያ 988)፣ በመጨረሻም አደገኛ ነገርን ማራቅ። የሚጻፈው በተገልጋዩ አነጋገር ነው። «ሲከፋኝ» ብዙ አይረዳም፤ «ስልክ ማንሳት ሳቆም፣ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሳነጋ» ይረዳል። ስድስተኛው ስለሚያሳፍር ይዘለላል፤ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ጭንቁ ብዙውን ጊዜ ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል፤ በዚያ ሰዓት አደገኛው ነገር ከእጅ መራቁ ፋታ ይሰጣል። አደገኛው ነገር ለምሳሌ መድኃኒት ከሆነ ማን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚይዘው በስም ይጻፍ።

ከዕቅዱ በፊት ግን ጥያቄ አለ። «ምነው ሞቼ ባረፍኩት» በእኛ ቋንቋ የዘወትር ምሬት ስለሆነ ሰምቶ ማለፍ ይቀናል። በግልጽ ይጠየቅ፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? በምን መንገድ? ለማድረግ ቆርጠው ወስነዋል? ከዚህ በፊት ሞክረዋል?» መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልም። ዘዴው ታስቦ ውሳኔውም ከተቆረጠ ወረቀት አይበቃም፤ ተገልጋዩ ለብቻው ሳይተው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል።